ሕያዋን ሊቃውንትን በመዝገብ ስለ ማግባት፤ ከመምህራን ሐረግ እስከ ቤሌ ማሳዎች

፩

በወላይታ ምድር ከሶዶ ከተማ በስተ ምዕራብ ወደ ኦሞ ወንዝ በሚወርደው አገር የምትገኘው ቤሌ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ ወረዳ የሚኖረው ገበሬ መሬቱን በሁለት ስም ለይቶ ይጠራዋል። ቤቱን የከበበውን፣ ፍግና የቤት ጥራጊ የሚገባበትን፣ እንሰትና ቡና የሚተከልበትን ለም የጓሮ መሬት ዳርኮዋ ይለዋል፤ ከዚያ አልፎ ያለውን፣ እህል የሚዘራበትንና ፍግ እምብዛም የማይደርሰውን መሬት ደግሞ ሾቃ ይለዋል። ይህ አጠራር ስም ብቻ አይደለም፤ የመሬቱን ጉልበትና የአራሹን አቅም በአንድነት የሚያስረዳ ዕውቀት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 «አግሪካልቸር፣ ኢኮሲስተምስ ኤንድ ኢንቫይሮንመንት» በሚባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት በ71ኛው ቅጽ የኪንዶ ኮይሻ ማሳዎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ምን ያህል እንደሚያገኙና ምን ያህል እንደሚያጡ የሚመረምር ጽሑፍ ታተመ። ጸሐፊዎቹ እያሱ ኤልያስ፣ ሞርስና ቤልሾ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ አፍሪካ አፈር የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ፣ ቤሌን በዓይኑ ባያይ እንኳ፣ የኪንዶ ኮይሻን ስም ሊጠቅስ ይችላል። እንዲህ ባለው የሳይንስ ጽሑፍ ልማድ የጸሐፊው ስም በራስጌው ላይ ይነበባል፤ የአገሩም ስም በርእሱ ላይ ይቀመጣል፤ ዳርኮዋንና ሾቃን ለይቶ ያሳየው ገበሬ ግን በወል ስም እንጂ በገዛ ስሙ አይጠራም።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ በዘመናችን እጅግ የሚያከራክር ሆኗል። በኢንተርኔት የሚገኘው መዝገበ ዕውቀት በሕይወት ካሉት ሊቃውንት መካከል ማንን ሊመዘግብ፣ ማንንስ ሊተው ይገባዋል? ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የተጠየቀና በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ያገኘ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘመን ሊቁን በምን መለኪያ እንደ ለካው፣ መለኪያውም በእውነት የሚለካው ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት የሌለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተነገረ ነው።

፪

በቀድሞው የአገራችን ልማድ ስለ ሰው ሕይወት የሚጻፉት መጻሕፍት በተለይ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ገድል ነው፤ እርሱም ጻድቁ ካረፈ በኋላ የሚጻፍ ነው። ሁለተኛው ዜና መዋዕል ነው፤ ይህም ንጉሡ በዙፋኑ ሳለ በቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ሊጻፍ ይችል ነበር። እንግዲህ ሞት ለቅዱሱ የመጻፊያው ጊዜ ሲሆን፣ ለንጉሡ ግን ሥልጣኑ በሕይወቱ ለመጻፍ በቂ ምክንያት ነበረ። ሊቁ፣ መነኵሴም ባለሟልም ካልሆነ፣ ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ቦታ ለማግኘት አይችልም ነበር።

ሆኖም ሊቁ መዝገብ አልነበረውም ማለት አይደለም። የሊቁ መዝገብ ደቀ መዝሙሩ ነበር። በቅኔም ሆነ በዜማ ወይም በመጻሕፍት ትርጓሜ የተማረ ሰው ከማን እንደ ተማረ ሲጠየቅ መምህሩን፣ ከዚያም የመምህሩን መምህር እየጠራ ሐረጉን ይቈጥር ነበር። በዚህ ልማድ የሊቅነት ማስረጃ «ስለ እርሱ ማን ጻፈ?» የሚለው ሳይሆን «እርሱ ማንን አወጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ብርቱ ምሳሌ የሚሆነው በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጧቸው፤ አለቃም በመልካም አስፋፍተው ካዘጋጁት በኋላ መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ለኅትመት ያበቁትም ተማሪያቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ሦስት ትውልድ ያለፈበት ይህ አደራ የሦስቱንም ስም ይዞ ለአንባቢ ደርሷል። ተማሪው የመምህሩን ስም ባይጠብቅ ኖሮ ከሦስቱ ሁለቱ ዛሬ ለመታወቃቸው ያለው ማስረጃ እጅግ የሳሳ በሆነ ነበር።

ከዚህ የሚቀድም ሌላም ምሳሌ አለ። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት የአምሐራ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1652ም ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ታሪክ አስተማሩት። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ቋንቋ ሲያሳትም፣ እ.ኤ.አ. በ1691ም ማብራሪያውን ሲጨምርበት፣ የመምህሩን ስም አልሸሸገም፤ መልካቸውንም በሥዕል አስቀርጾ አወጣው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከብ ተሰብሮ እ.ኤ.አ. በ1658 ሞቱ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በታተመው በኢትዮጵያ ጥናት መዝገበ ዕውቀት ውስጥ የራሳቸው አንቀጽ ሊኖራቸው የቻለው ግን ተማሪያቸው አስቀድሞ ስማቸውን ስለ ጻፈ ነው።

የሐረጉ ልማድ ግን ወሰን ነበረው። የሚቈጥረው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ የተማረውን ነው። በወላይታ የነገሥታቱን ትውልድና የየጎሣውን ታሪክ በቃል ይዘው የኖሩት ሽማግሌዎች፣ በሌላውም አገር እነዚህን የመሰሉ ዐዋቂዎች፣ ከዚህ ሐረግ ውጪ ቀርተዋል።

፫

ኅትመት በኢትዮጵያ ከተጀመረ በኋላ የሰዎችን ሕይወት በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ የመመዝገብ ሐሳብ ተነሣ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አስቀድመው በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። የዚህ መጽሐፍ ንኡስ ርእስ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች መታሰቢያ እንዲሆን መጻፉን ያመለክታል። ይህ አነጋገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ መዝገቡ ለተመዝጋቢው ክብር ሳይሆን ገና ላልተወለደው አንባቢ ጥቅም እንደሚሠራ ይናገራልና። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ሥራ እንደ መሆኑ መጠን መራጩም አንድ ሰው ነበረ፤ አንድ ሰውም የሚመርጠው ከሚያውቀው ነው።

ከነጻነት በኋላ ሕያዋን ሊቃውንትንና ጠቢባንን በአደባባይ የመለየት ሥራ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ተከናወነ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከተሸለሙት መካከል ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከበደ ሚካኤል፣ ስለ ሥነ ጥበብ አፈወርቅ ተክሌ ይገኙባቸዋል፤ በሚከተለውም ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ጥናት ወልፍ ሌስላው ተሸለመ። በዚህ ጊዜ ሊቁ በሕይወት ሳለ ተመዘነ፤ ሚዛኑን የያዘው ግን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ሚዛኑ ከያዘው እጅ ጋር ወደቀ። ቢሆንም ሽልማቱ ሲቀር የተሸላሚዎቹ ዝርዝር አልቀረም፤ ኋላ ለሚመጡት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ማስረጃ ሆኖ ኖሯል።

ከዚህ ቀጥሎ የታተሙት የጥናት መዝገቦች በሕያዋን ላይ ከመፍረድ የራቁ ነበሩ። በላይነሽ ሚካኤል፣ ሆይናትስኪና ሪቻርድ ፓንክረስት አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1975 በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የወጣው የኢትዮጵያ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መዝገብ አንደኛ ቅጽ ከጥንት ጀምሮ በዛጔ መንግሥት ፍጻሜ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1270 ገደማ ያቆማል። በሃምቡርግ የተዘጋጀው «ኤንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ» ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ ታትሟል። አምስተኛው ቅጽ ከመጨረሻዎቹ ፊደላት ጋር ተጨማሪና ማረሚያ ክፍል ይዟል። ይህ ክፍል የታተመ መጽሐፍን ጠባይ ይገልጣል፤ ቅጹ አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ የተረሳው ሁሉ እስከ መጨረሻው ቅጽ መጠበቅ ግድ ይሆንበታልና።

፬

በጥር 1993 ዓ.ም. የተጀመረው ዊኪፔዲያ ከእነዚህ ሁሉ በሁለት ነገር ይለያል። መጀመሪያ፣ የሚዘጋ ቅጽ የለውም፤ ሁለተኛ፣ የሚመርጥ ዋና አዘጋጅ የለውም። የፈለገ ሁሉ ሊጽፍበት ስለሚችል ሥርዓቱ የሚጠበቀው ጸሐፊዎቹ ተከራክረው በተስማሙባቸው ደንቦች ነው። ከነዚህም አንዱ፣ በእንግሊዝኛው ክፍል የሚሠራበት፣ ስለ ምሁራን የወጣው ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ምሁሩ ከስምንት መመዘኛዎች አንዱን ቢያሟላ አንቀጽ ሊጻፍለት ይችላል። ከመመዘኛዎቹ መካከል ምርምሩ በሙያው ትልቅ ለውጥ ማምጣቱ በሌሎች ጽሑፍ መረጋገጡ፣ ከፍ ያለ የምሁራን ሽልማት ማግኘቱ፣ በጥብቅ ምርጫ አባል በሚቀበል የሳይንስ ማኅበር መመረጡ፣ በስም የተሰየመ የፕሮፌሰርነት ወንበር መያዙ፣ የታላቅ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ኃላፊ ወይም የታወቀ መጽሔት ዋና አዘጋጅ መሆኑ ይገኛሉ።

በሕይወት ስላለ ሰው የሚጻፈው ልዩ ጥንቃቄ እንዲደረግበት የተደነገገውም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ሲገንታለር ስለ ተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በዚሁ መዝገብ ውስጥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲና በወንድማቸው ግድያ ተጠርጥሮ እንደ ነበረ የሚናገር ፍጹም ሐሰት ተጽፎ ለወራት ሳይታረም ቆየ። የሞተ ሰው በታሪክ ይካሰሳል፤ ሕያው ሰው ግን በሐሰት ቃል እንጀራውንና ክብሩን ያጣል። ስለዚህ ምንጭ የሌለው ክስ ያለ መዘግየት እንዲሰረዝ ታዘዘ።

መመዘኛው ግን ይስታል። ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ከዤራር ሙሩ ጋር ባሳተመችው የሌዘር ብርሃን ምርምር ታውቃ ነበር፤ የአሜሪካ የኦፕቲክስ ማኅበርም ፕሬዚዳንት ሆና ነበር። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ስለ እርሷ የቀረበው ረቂቅ የቀረቡት ምንጮች በቂ አይደሉም ተብሎ ተመለሰ። በመስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት እንደ ተሰጣት ሲነገር በዊኪፔዲያ ውስጥ ስለ እርሷ የተጻፈ አንቀጽ አልነበረም። ሊቅነቷ በአንድ ቀን አልተፈጠረም፤ በአንድ ቀን የተፈጠረው ስለ እርሷ የተጻፈው ብዛት ነው።

የዚህ ነገር ፍሬ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እጅግ ይመለከታል። መለኪያው የሚለካው የሰውየውን ዕውቀት ሳይሆን ስለ ዕውቀቱ የተጻፈውን ወረቀት ነው። ወረቀት በሚበዛበት አገር ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ ወረቀት በሚያንስበት አገር ግን በመካከላቸው ሰፊ ገደል አለ። በስም የተሰየመ ወንበር በዩኒቨርሲቲዎቻችን እምብዛም አይታወቅም። ጥቅስ የሚቈጥሩት መሣሪያዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚታተሙትን መጽሔቶች ይመለከታሉ። ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ብዙ መምህራንን ያወጣ ሰው፣ በቀድሞው የሐረግ ልማድ ታላቅ የሚባለው፣ በስምንቱ መመዘኛዎች ውስጥ ቦታውን ለማግኘት ይቸገራል።

የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ይህን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የብልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ የእንዶድን ኀይል መመርመር ጀመሩ። በዓለም የታወቀው «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለው ሽልማት ለእርሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ከጥንት ያወቁት ሴቶች ግን፣ እንደ ኪንዶ ኮይሻ ገበሬዎች፣ በስም አይታወቁም።

፭

ይህን አይተው አንዳንዶች ለድኾች አገሮች ምሁራን መለኪያው ዝቅ ሊል ይገባዋል ይላሉ። ክርክሩ ከፍትሕ ስሜት የመነጨ ስለ ሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ምንጭ የሌለው አንቀጽ ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ ራሱን ለማስመስገን የሚሻው ሰው የገዛ ታሪኩን ጽፎ እንዲያስገባ በር ይከፍታል፤ ትሑቱ ሊቅ ውጪ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ጠላት ያለው ሊቅ የሚከላከልበትን ጋሻ ያጣል፤ ምስጋናን ያለ ማስረጃ የሚቀበል መዝገብ ስድብንም ያለ ማስረጃ ከመቀበል አይመለስምና። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሚዛኑ ከአንድ እጅ ጋር እንደ ወደቀ ሁሉ፣ ማስረጃ የሌለው ሚዛንም ጩኸቱ ወደ በረታው ወገን ያጋድላል።

እንግዲህ ጉድለቱ በመዝገቡ ደንብ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ከመዝገቡ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ ባለመሠራቱ ነው። የወላይታ ታሪክና ቋንቋ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ስላደረጉት ዘመቻ የዓይን ምስክርነቱን ያሳተመው ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1896 ወጣ። የኦሜቶን ቋንቋ መግቢያ እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው ጣሊያናዊው ሞሬኖ ነው። ስለ ወላይታ ነገሥታት ሰፊ የዶክትሬት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ለፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ሬሞ ኪያቲ ነው። የወላይትኛን ቋንቋ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1997 ላምቤርቲና ሶቲሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጃፓናዊው ዋካሳ ጽፈውታል። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ቃሉን ያስተማራቸው፣ የነገሥታቱን ትውልድ የቈጠረላቸው የአገር ሰው በዓለም መዝገብ ዘንድ የሚገኘው፣ እንደ ሉዶልፍ ያለ ተማሪ ካጋጠመው ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ በአገር ውስጥ የተከፈቱት ሁለት በሮች ይታያሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ነው። በሚያዝያ 2 ቀን 2002 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ አካዳሚ በምርጫ አባል የሚቀበል ማኅበር እንደ መሆኑ ሕያው ሊቅ በገዛ ባልደረቦቹ የሚመዘንበት መድረክ ነው። መቀመጫውም በጉለሌ የነበረው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያ ቤት ነው። በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ብለው የሕይወት ታሪክ የጻፉት ሰው በኖሩበት ቤት የዛሬ ሊቃውንት ይመረጣሉ። ሁለተኛው በር በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና እርሱን የመሰሉት በየአውራጃው የተከፈቱ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ከሶዶ ወደ ቤሌ የሚወርድ ተማሪ፣ የገበሬውን ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነ፣ ከሩቅ የመጣው ተመራማሪ በአስተርጓሚ የሚሰማውን በገዛ ጆሮው ይሰማል።

እነዚህ በሮች ፍሬ እንዲሰጡ የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። መምህር ጡረታ ሲወጣ ደቀ መዛሙርቱ የሥራውን ዝርዝር ከሕይወት ታሪኩ ጋር አሳትመው ማውጣት፣ መጽሐፍ ሲታተም ከጸሐፊው ጋር ጥቅም የማይጋራ ሌላ ሊቅ መርምሮት እንዲጽፍ ማድረግ፣ በአማርኛና በወላይትኛ የሚጻፈውን ጥናት በቤተ መጻሕፍት ጠብቆ ለአንባቢ መክፈት ይገባል። ከሁሉም በላይ የመስክ ጥናት የሚያደርግ ሰው ያስተማረውን የአገር ዐዋቂ፣ ፈቃዱን ጠይቆና ጉዳት እንዳያገኘው ተጠንቅቆ፣ በስሙና በመንደሩ ስም ሊጠራው ይገባል። ይህ ለሊቁ ውለታ መክፈል ብቻ አይደለም፤ የነገሩን እውነትነት ኋላ የሚመጣው ተመራማሪ መርምሮ እንዲያረጋግጥ የሚያስችል ሥርዓት ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ወንበር አልነበራቸውም፤ ሽልማትም አልተቀበሉም፤ በማንኛውም አካዳሚ አልተመረጡም። በመዝገብ የገቡት ተማሪያቸው «ይህን ያስተማረኝ እርሱ ነው» ለማለት ስላላፈረ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድም እንዲሁ። በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ ማን ይግባ የሚለው ክርክር በመዝገቡ ደጃፍ ላይ የሚጀመር ከሆነ እጅግ ዘግይቶ ተጀምሯል ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ዳኛው ሊያይ የሚችለው በፊቱ የተቀመጠውን ጽሑፍ ብቻ ነውና። የክርክሩ እውነተኛ ቦታ ቀድሞ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ በመጽሔቱ ገጽ፣ በቤሌም ማሳ ዳር፣ ገበሬው ዳርኮዋውን ከሾቃው እየለየ ሲያስረዳና ተማሪው ማስታወሻ ደብተሩን ሲገልጥ፣ የተናጋሪው ስም በዚያ ይጻፋል ወይም በዚያ ይቀራል።